ስልሳ አምስት ሺህ ወደብ

አገሬ ወደብ አጥታ ስትቆዝም፣
እኔ ስልሳ አምስት ሺህ ወደብ አለኝ፤ ቀልድ አይደለም።
ከዚራ፣ በአባቴ ቁም ሣጥን አናት፣
ስክሪኗ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ አለች፤ እሷ ናት
የወደቦቼ ሁሉ እናት።
ሰው "ወደብ ይከፈት!" ሲል፣ እኔ ማታ ማታ እዘጋለሁ፤
ሁለት አስቀርቼ ሌላውን በሙሉ እከረችማለሁ።

አርባ ሦስት ሰው ነን በሆዷ የምናድር፤
ከገንደ ቆሬ፣ ከሳቢያን፣ ከመጋላ ሰፈር።
የሂቦ ሠርግ ፎቶ፣ የዕድራችን መዝገብ፣ የጠፋች ፍየል፣
በሦስት ቋንቋ የተጻፈ ስድብ፣
በአራተኛው የተጻፈ ይቅርታ።
"የዓለሙ ትልቅ ገበያ እያለ፣ ምን አለፋህ?" ይሉኛል።
የራስ ጓዳ ነው፤ ጨው ቢያንስ እንኳ፣ ያነሰው የኔው ጨው ይሆናል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ፣
የበሩን መዝገብ ሳየው፣ ያንኳኳው ብዛት ጉድ!
"አድሚን ነኝ" ይላል አንዱ።
"ሩት ነኝ" ይላል ሌላው፤ ደግሞ "ሩት ነኝ"፣ ደግሞ "ሩት ነኝ"።
እኔ የማውቃት ሩት አንዲት ናት፣ ሳቢያን ፋርማሲ ያላት፤
እሷ በዚህ ሰዓት የሰው በር አትመታም።
ሦስቴ የተሳሳተ አራተኛ አይሞክርም፤
አጥሩ ራሱ ፊቱን ያዞርበታል።

አባቴ የሸሚንደፈር ሰው ነበር።
በነጠላ ሀዲድ፣ ነጂው ዱላዋን ካልጨበጠ
ባቡር ንቅንቅ አይልም ይለኝ ነበር።
"የሚያውቁት ነጂ ቢሆንስ?"
"የማውቀውማ ይብሳል" አለ።
ለዚህ ነው ለአርባ ሦስቱም መንታ ቁልፍ የሰጠሁት፤
አንዱ በጭንቅላት፣ አንዱ በመዳፍ።
አጉረመረሙ። ያጉረምርሙ።

ግን አንዷን ወደብ፣ "ለአንድ ሌሊት" ብዬ፣ ለሙከራ
ከፍቼ ረሳኋት። ሦስት ሳምንት።
ረቡዕ ጠዋት የሮብሌ እናት መጣች፣
ስልኳን እንደ እንቁላል ይዛ።
ሮብሌ፣ ባጃጁ ሽንሌ መንገድ ላይ ከተገለበጠች አሥር ወሩ ነው።
"ስሙ አረንጓዴ በራ" አለችኝ፣
"አምስት መቶ ብር ላኪልኝ አለ። ላኩለት።"
"ላኩለት" ስትል ድምጿ ውስጥ ቁጭት አልነበረም።
ሌባ መሆኑን ነገርኳት። ሰማችኝ። ዝም አለች። ከዚያ፦
"በሩን ስትዘጋው፣ ስሙም ይጠፋል?"

ለዚህ የሚሆን መመሪያ የትም አላነበብኩም።
ወደቧን ዘጋሁ። ቁልፎቹን ሁሉ ቀየርኩ።
"ጥፋቱ የኔ ነው" ብዬ ለሁሉም ጻፍኩ፤
ብሯን ከኪሴ መለስኩ፣ አልቀበልም ብላ ሁለት ቀን አለፋችኝ።
የሮብሌን ገጽ ግን አልሰረዝኩትም፤
መዝጊያ የሌለው፣ መግቢያም የሌለው መስኮት አደረግሁት።
ይታያል። አይገባበትም።

ደቻቱ በሌሊት ሲመጣ ምን እንደሚወስድ
ለድሬ ሰው አይነገረውም።
ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ግልባጭ ዳገት ይወጣል፤
በጉሌድ ሚኒባስ፣ በሩዝ ጆንያና በልባሽ ጨርቅ መሀል፣
የደንገጎን ጥምዝምዝ አልፎ ሐረር ጀጎል ይገባል፤
የሚስቴ አክስት ረውዳ ከሳህኖቿ ጀርባ ታስቀምጠዋለች።
"ምን አለበት?" አለኝ ጉሌድ አንድ ቀን።
"አርባ ሦስት ሰው።"
ሳቀ። ቢከፍተውም የሚያየው ጭቃ ነው፤
መፍቻው እዚህ፣ ከኔ ጋር ቀርቷል።

አሁን ሰፈሩ በሩን ገርበብ አድርጎ ተኝቷል።
ድሬ ናት፤ በዚህ ሙቀት ማን በር ይዘጋል?
እኔም ሰሌን አንጥፌ ደጅ ነኝ፣ ኪሴ ውስጥ መንታው ቁልፍ።
ከውስጥ የማራገቢያዋ ድምፅ ይሰማል፤ ታጉተመትማለች፣ ታርፋለች።
አባቴ በእንቅልፉ ሰምቶት፦
"የጅቡቲው ነው?" ይላል።
"አዎ አባባ። ወደቡ ደህና ነው።
ተኛ።"