ከማመልከቻው የቀረ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከቆርቆሮ ጥላ፣
ጠረጴዛዬ አለች አንድ እግሯ የላላ፤
ካርቶን አጣጥፌ ከሥሯ ሸጉጬ
የሰው በደል ልጽፍ ከጧት ተቀምጬ።
«አመልካች፣ ተጠሪ፣ የክርክሩ ነገር»፤
ላለው ሃምሳ ብር ነው፣ ለሌለው በብድር።

ቀን በኦሮምኛ የሰው ጉዳይ ስጽፍ፣
ማታ በአማርኛ የራሴን ስለፍፍ፣
ሌላ ሰው እሆናለሁ። ኮቺ ክራይ ቤቴ
ደራሲ ይገባል ሲያልቅልኝ እራቴ።

ባለታሪኬ ግን፣ ሦስት ሳምንት ሆነው፣
መስኮት ሥር ተቀምጦ ዝናብ ነው የሚያየው።
ተነሥ ስለው አይሰማ፣ ሂድ ስለው አይሄድ፤
ስም አወጣሁለት፣ አባት፣ እናት፣ ዘመድ፤
አፈቀርክ አልኩት፤ «እሺ» አለ፣ ተከዘ፤
ወንድሙን ገደልኩ፤ ያው መስኮቱን ያዘ።

«ጂሬን ውጣ» አለኝ ከድር ወረቀት ሻጩ፣
«አገር ከላይ ሲያዩት ይገኛል ምንጩ።»
ወጣሁ። አየሁ። ቆርቆሮ፣ ዛፍ፣ የባጃጅ ሰልፍ፤
ይዤ የወረድኩት የጫማ ጭቃ ትርፍ።
አወይቱ ድልድይ ላይ ቆሜ አመሸሁ፣
ውኃ ይናገራል ሲሉ እየሰማሁ፤
የተናገረኝ ግን ዘበኛው ነው፣ እሱው፤
«ምን ጠፍቶህ ነው» አለኝ፣ ባትሪ አብርቶ፣ «አንተ ሰው?»

ሐሙስ ዕለት ታዲያ፣ ነጋዴዎች ሲወጡ፣
አዴ ሉባባ ከቦዬ ዳር መጡ።
ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ ዋጋ ሳይጠይቁ፣
«ክሰስልኝ» አሉ፣ ሳይቀመጡ፣ ሳይስቁ።
«ተከሳሹ ማነው?» ብዕሬን አነሳሁ።
«ጉማሬ ነው» አሉኝ። ልስቅ ብዬ ፈራሁ።
«ሰባት መስመር በቆሎ በአንድ ሌሊት በልቷል፤
ጌታው መንግሥት ከሆነ፣ መንግሥት ይከፍለኛል።»
«አዴ፣ ጉማሬ እኮ አይቆምም ችሎት ፊት።»
«አንተ ጻፍ» አሉ፣ «እሱን ዳኛው ይወቁበት።»

ጻፍኩ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የማሳውን ልክ።
«በዓይንዎ አይተውታል?» አልኩ፣ እንዲይዝልኝ መልክ።

«አየሁት።
ጨረቃ ነበረች። የድስት ክዳንና ማንኪያ ይዤ ወጣሁ፤
ክዳን ሲንኳኳ ይሸሻል ይባላል።
አጥሩ ጋ ደረስኩ።
ይተነፍሳል።
እንደ ሰው፣ ሥራ ውሎ እንደገባ ሰው፣ ይተነፍሳል።
በቆሎው ሲሰበር ሰማሁ፤ አንዱ፣ ሌላው፣ ሌላው።
ክዳኑን አነሳሁ...»

ባጃጅ አለፈ፤ ጭቃ ረጨን።
«ከዚያስ?»
«አልመታሁም።»
«ለምን?»
ጃንጥላቸውን ከፈቱ፣ ዝናብ ሳይኖር። መልሰው ዘጉት።
«ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚያ ሰዓት
ከደጄ የተነፈሰ የለም።
ይኼን አትጻፈው።»

አልጻፍኩም። አሥራ አንድ መስመር፣ የማኅተም ቦታ፣
«ተጠሪ፦ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት»። በጣት ፈረሙ፣ ሄዱ በእርጋታ።

ያን ሌሊት መብራት የለም። ሻማ ለኮስኩና
ደብተሬን ገለጥኩት፤ ሰውዬው አለና፣
ያው መስኮቱ ሥር፣ ዝናቡን ሲቆጥር።
አልገፋሁትም። ጠየቅሁት በምሥጢር፦
«አትጻፈው የምትለኝ ምንድነው?»
ቀና አለ። ሦስት ሳምንት ይህን ነበር የጠበቀው።
ተነሣ። ጓዳ ገባ። ዕቃ ሲንኳኳ ሰማሁ።
የድስት ክዳን ይዞ በጓሮ በር ወጣ።

ሌባ መሆኔ ነው ብዬ ፈራሁ፣
ጉማሬውን ጅብ አደረግሁት፤ አልተነፈሰም።
በቆሎውን ሸንኮራ አልኩት፣ ቦዬን ሌላ ወንዝ፤ እሺ አሉኝ።
ክዳኑ ግን እምቢ አለ።
እስከ ንጋት ስድስት ዓመት ሙሉ
«ለጉዳዩ አግባብ የለውም» ብዬ የሰረዝኩት ሁሉ
በሬን ቆረቆረ፦
አህያውን ሲከራከር የአህያውን ስም ጠርቶ ያለቀሰው፣
የልደት ቀኗን ሁለት ዓይነት ያጻፈችው ልጅ፣
ፍቺ ሊያመለክት መጥቶ የሚስቱን ጃኬት የለበሰው።

በሳምንቱ አዴ ሉባባ ቅጂ ሊወስዱ መጡ።
«ያልኩህን ተውከው?»
«ከማመልከቻው ተውኩት» አልኩ።
ረጅም አዩኝ።
ሃምሳ ብር ቆጠሩ፤ አሥር ጨመሩ።
«ይኼስ?»
«እጅጌህ ላይ ሰም አለ» አሉ፤
«ለሻማ።»