ጎደሎ መቶ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ በርበሬ ሲሰጣ፣
ሰፈሩ በሙሉ እያስነጠሰ ሲወጣ፣
ተከራዬ ስንሻው፣ የታሪክ መምህሩ፣
መጽሐፉን ታቅፎ ቆመ ከበሩ።

«አስር አለቃ» አለኝ፣ «እስቲ ይስሙ ይኼን፤
የሮም ጦር አደረጃጀት፣ የጥንቱን፣ የኋለኛውን።
አምስት ሺህ ነበረ ሌጌዎኑ ሲሞላ፤
ሺህ ብቻ ሆነ አሉ ከዘመናት በኋላ።
ስሙ ግን ያው ስም ነው፣ ዓርማውም ያው ዓርማ፤
መለከቱም ያው ነው ለጠላት ሲሰማ።
መቶ አለቃ የሚሉት፣ ያ ባለ ዱላው ሰው፣
ገና በደጉ ቀን ሰማንያ ነው የሚያዘው።»

ሳቅሁ። ዛላው ከእጄ እስኪወድቅ ድረስ ሳቅሁ።
ሮምን አላየሁም፤ ይኼን ግን ዐወቅሁ።

እኔም ጽፌዋለሁ፣ ያውም በሦስት ቅጂ፤
ጠረጴዛ የለም፣ የጥይት ሣጥን እንጂ።
ጓድ ማለት ዐሥራ አንድ — በወረቀት ማለቴ፤
ምሽግ ገብተህ ብትቆጥር ስድስት ነው፣ በሞቴ።
ሦስት ጓድ ሲጣመር «የመቶ» ይባላል፤
መቶውን ያየ ሰው እስቲ ከየት ይገኛል?
ሦስት የመቶ — ሻምበል፤ ሦስት ሻምበል — ሻለቃ፤
ሺህ ሰው ሳይመራ የሺህ ሰው አለቃ።

ኮቾሮ የሚመጣው በስሙ ልክ ነው፤
ጨው፣ ስኳር፣ ሲጋራ፤ ስምም ሆድ አለው።
ማለዳ ስጠራ ዘጠና ሁለት ስም፣
ሃምሳ ሰባት «አቤት»፤ ሌላው ድምፅ የለም።
«በግዳጅ ላይ» ብዬ በቀይ አሰመርሁ፤
ከሙታን ጋር ሆኜ ስንቅ ፈረምሁ።

መምህሩ ጠየቀኝ፣ መነጽሩን አውልቆ፤
«ትርፉንስ ማን በላው?» አለኝ ተጠንቅቆ።
«በሮምም ነበሩ፤ አዛዦች ናቸው አሉ፣
የሙታንን ቀለብ ሸጠው የሚበሉ።»

ዝም አልሁ። ዛላ አነሣሁ፣ ዛላ ጣልሁ።

ሻምበሉም በልቷል፤ አልዋሽም፣ እኔም በልቻለሁ፤
ሲጋራውን ሸጬ ሬዲዮ ገዝቻለሁ።
አንድ ስም ግን አለ፣ ተራ ቁጥሩ አርባ፤
ልየው፣ የደምበጫው፣ ጥቅምት አፈር የገባ።
ከደሞዙ ለእናቱ ቆርጦላት ነበረ፤
በወር ሠላሳ ብር፣ ቃሉን እንዳከበረ።
ሞቱን ከጻፍሁት ቁራጩ ይቆማል፤
የካሳ ወረቀት ስንት ክረምት ይከርማል?
ስለዚህ አልገደልሁትም።
እኔው ጠሪ፣ እኔው አቤት ባይ ስለ እሱ፤
ሃምሳ አለቃው ሰምቶ ዝም አለ ለነፍሱ።
ዐሥራ አራት ወር።

ብሩ ሲደርሳት ግን — ይህን መች ዐሰብሁት —
«ልጄ አለ» የሚል ወሬ ሆነ፣ እኔ የፈረምሁት።
ሚስት አጭታለት፣ አሉ፣ ጊደርም ገዝታ፣
ለመስቀል ትጠብቀው ነበር በሯን ክፍት ትታ።
ጦሩ ሲበተን፣ በእግሬ ስመጣ በዚያው መንገድ፣
ደምበጫን ሌሊት አለፍኋት፣ እንደ ባዕድ።

ይኼን ለስንሻው አልነገርሁትም።
እሱ ገና ሮም ነው፤ ዳር ጠባቂው ጦር፣ ተንቀሳቃሹ ጦር፣
በየምሽጉ ስንት እንደ ነበር ቁጥር።
ሊቃውንቱ ተጣልተዋል አለ፤ አንዱ ሺህ ሲል፣ አንዱ አምስት መቶ፣
ከፈረሰ ግንብ ስፋት፣ ከስንቅ ደረሰኝ ገምቶ።
«ደረሰኝ አትመን» ልለው ነበር፤
በርበሬው አሳለኝ።

እሑድ የዕድር ነው። ደብተሩ ዛሬም እኔ ዘንድ ነው።
የሞተ ሲኖር በዚያው ቀን እሰርዛለሁ፣
በማስመሪያ፣ ቀጥ አድርጌ፤ ሳላሳድር፣
ለቀስተኛው ገና ድንኳን ሳይተክል።
«ምነው ቸኮለ» ይሉኛል።
ስም ስጠራ ግን፣ አርባ ጋ ስደርስ፣ ትንፋሽ እወስዳለሁ፤
ከሠላሳ ዘጠኝ ወደ አርባ አንድ እዘላለሁ።
ሰብሳቢው ጠየቀኝ፤ «የቁጥር ስሕተት ነው» አልሁት።
መዋጮው ሲደርስ ግን፣ የአርባን እኔው ከፈልሁት።