በተን

የሳቢያን ሙቀት በቆርቆሮው ገብቶ ክፍሉን ሲያበስለው፣
ቬንትሌተሩ ዞሮ ዞሮ ያንኑ ወበቅ ሲመልሰው፣
ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ሲያዛጋ፣
«ዛሬ ጨዋታ ነው» ብላቸው ክፍሉ ባንዴ ነጋ።

አራት ቀለም ይወጣል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፤
ሃያ ሰከንድ ይቆጥራል፤ ልብ ይመታል እንደ ነጋሪት አንዳንዴ፤
ፈጥኖ የነካ ያሸንፋል፤
የዘገየ ስሙ ይወርዳል፣ ከግርጌ ይጻፋል።

ጮኹ። ወንበር ወደቀ። የጎረቤት ክፍል መምህር በሩን ገፋ አረገና
ሳቀ፣ ሄደ። እኔም ኮራሁ፣ «ይኸው ዘመን መጣ» አልኩና።

ከግርጌ የተጻፈው ስም ግን፦ ሂባቅ አብዲላሂ። ዜሮ።
ያቺ ሂባቅ! የወንዙን ሁሉ መድረሻ በቃሏ የያዘች ከድሮ፤
አዋሽ ባሕር እንደማይደርስ ስነግራቸው አምና፣
«ታዲያ የት ይሞታል?» ብላ የያዘችኝ ገና
ጠመኔዬን ሳላስቀምጥ።

«ምን ሆንሽ?»
ስልኳን አነሳች፤ ወደ ጆሮዬ አስጠጋችው።
«ስማው» አለችኝ፣ ድሬ አይደል፣ አንቱታ የለም፣ «ስማው»።
በዚያ ሁሉ የሰዓት ድብደባ፣ በዚያ ሁሉ ሙዚቃ መሀል
አንዲት ቀጭን የቆርቆሮ ድምፅ
«በተን» ትላለች። «በተን። በተን። በተን።» ሌላ ምንም አትል።
አራቱም ቀለም ስም የላቸው፤ ለጆሮ አራቱም አንድ ናቸው።
እውነትም በተን! ልጆቼን፣ አንድ ክፍል ያልኳቸውን፣ በተናቸው።

«መልሱን አውቀው ነበር» አለች። «ለቶፊቅ በሹክሹክታ ነገርኩት።
አንደኛ የወጣው እሱ ነው።»
ቶፊቅን አየሁት።
ቶፊቅ ጠረጴዛውን አየ።

ማታ፣ መብራት ሲመጣ፣ ሽርጤን ዓይኔ ላይ አስሬ
የሠራሁትን ጨዋታ ልጫወት አልኩ ደፍሬ።
ትንኝ ከጆሮዬ ሥር። ሰዓቱ ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል።
ጣቴ መስታወቱ ላይ እንደ ሰከረ ሰው ይንቀዋለላል።
ድምፁ ጥያቄውን አንብቦ ገና ግማሹን ሳይጨርስ
አለቀ። ዜሮ። እኔው ጽፌው፣ እኔው አውቄው ያንን መልስ።

ሽርጡን ፈታሁት።
ለእኔ መፍታቱ ቀላል ነው።

ለእያንዳንዷ በተን ስም አወጣሁ፣ እንደ አራስ ቤት አባት፤
ሙዚቃውን ገደልኩት፤ ሰዓቱንም አስቆምኩት፣ የማንም ልብ እንዳይመታበት።
የዘምዘም እጅ ይንቀጠቀጣል፤
ያን ቀን «ራሴን አመመኝ» ብላ የወጣችው አሁን ይገባኛል።

ያስቸገረኝ ሥዕሉ ነው። ደቻቱ፣ በበጋ፣ ከድልድዩ ሥር።
«ይህ ወንዝ ማን ይባላል?» ነው ጥያቄው፤
ስሙን ሳልጠራ እንዴት ልናገር?
«አሸዋ» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁ። «ደረቅ ወንዝ፣ ሁለት ግመል»። አጠፋሁ።
«ከተማ ለሁለት የሚከፍል ሰፊ አሸዋ፣ ውሃ የሌለው»። ረካሁ። ተኛሁ።

ሐሙስ ዳግመኛ ተጫወትን። አንዳንዱ አጉረመረመ።
«ያለ ሰዓት ምን ጨዋታ ነው?» ቶፊቅ ነው፣ ዛሬ ብቻውን የቆመ።
ሂባቅ ሦስተኛ ወጣች።
ለሦስተኛ ማን ያጨበጭባል? ማንም። ተናደደች።
እኔን ደስ አለኝ። ዜሮ ያሳፍራል እንጂ አያናድድም፤
ሦስተኛነት ግን ያንገበግባል፤ እንቅልፍ አያስወስድም።

ከደወሉ በኋላ በትሯን እያንኳኳች መጣች፤
«አንተ ቲቸር፣ ሥዕሉ ላይ የጻፍከው ውሸት ነው» አለች።
«ዓይን ብቻ ነው የጻፍከው። ደቻቱ ባዶውን እንኳ ያወራል።
ግመል ሲረግጠው ሌላ ነው፤ ሰው ሲሮጥበት ሌላ ይላል።
ላይ ተራራው ዘንቦ፣ እናንተ እዚህ ‹ብራ ነው› ስትሉ
እኔ እሰማቸዋለሁ፣ ድንጋዮቹ ከሩቅ ሲንከባለሉ።
እናቴን ከአሸዋው ጎትቶ ያወጣት ማን መሰለህ?»

እስክሪብቶ ፈለግኩ፤ ኪሴ ውስጥ ጠመኔ ብቻ።
ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።
«ቀስ በይ፤ ድንጋዮቹ… ምን አልሽ?»

ደገመችልኝ።
ሃያ ሰከንድ አልቆጠረችብኝም።