አባቴ ነበሩ

ከአራዳ በስተ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣
ማታ ማታ እንሄዳለን የሰው ቃል ለመሰብሰብ።
ወፍጮው ዱቄት ይነፋል፣ ጠመኔውም ያው ዱቄት፤
ነጭ ሆነን ነው የምንወጣ ከመምህር ይርሳው ቤት።
እኔ ግንቡን ላስጎበኝ፣ ባለባጃጁ ዋጋ ሊናገር፤
በየኪሳችን አለ አንድ ያልበሰለ ዓረፍተ ነገር።

«በእንግሊዝኛ» ይላል ይርሳው፣ «ግሥ ራቁቱን ነው የሚቆም፤
እንደኛው ባለቤቱን በሆዱ አይሸከም።
‹መጣች› ስትሉ እሷ አለች፣ ቃሉ ውስጥ ተጠቅልላ፤
እዚያ ግን በር ላይ ትቆማለች፣ ከግሡ ተነጥላ።
ለአንድ ሰው፣ ለሩቁ ሰው፣ የተፈቀደች ጌጥ ብትኖር፣
ትንሽ ኤስ ናት፣ እንደ እባብ ልጅ፣ ግሥ ጫፍ ላይ የምታድር።»

ባጃጅ ነጂው ማናስብ «ሺ ጎ» ብሎ ተነሣ፤
ኤሷን አዘዞ መታጠፊያ ላይ እንደ ተሳፋሪ ረሳ።
ነርሷ ስመኝ ቸር ናትና ለሁሉ ኤስ ታድላለች፤
«አይ ጎስ፣ ዊ ጎስ፣ ዘይ ጎስ» ብላ ክኒኑን ትጨርሳለች።
እኔም «ዘ ፒፕል ኢዝ» ስል ቀይ መስመር ተሰመረብኝ፤
ሕዝቡ ወጣ፣ ሕዝቡ ገባ ነው የለመድኩት፤ ማን ነገረኝ
ባሕር ሲሻገር እንደሚበተን፣ እንደሚቆም በየራሱ?
«ሁሉም» ደግሞ፣ ያን ያህል ሆኖ፣ አንድ ሰው አክሎ ማነሱ!
ቅዳሜ ገበያ ሙሉ ሰው ተጠርቶ፣ «ኤቭሪባዲ» ሲባል፣
አንድ ገበሬ፣ አንድ አህያ ይዞ፣ ብቻውን ይመጣል።
ስም ላይ ስትወጣ «ብዙ ነን»፣ ግሥ ላይ ስትወርድ «አንድ ነኝ»፤
ይህች ኤስ ቃሏ ሁለት ነው፤ ዳኛ ይዳኘኝ!

የዚያ ሰሞን «ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ» ተባለ።
እጄ ደብተሩ ላይ ሄደ፣ ልቤ እንዳዘዘው፣ እንዳለ፦
«ማይ ፋዘር ወር ኤ ሜሰን።» አባቴ ግንበኛ ነበሩ፤
ኖራ ሲያቦኩ ክረምት በጋ፣ ከድንጋይ ጋር ሲከራከሩ፣
«አንተ ሰነፍ፣ ዙር እንጂ!» እያሉ ጥርቡን በመዶሻ፤
ለሰው ግን፣ ለሕፃን እንኳ፣ «አንቱ» ነበር የአፋቸው ጉርሻ።

ይርሳው «ወር»ን ሰረዘና በላዩ ጻፈ «ዋዝ»፤
«አባት አንድ ነው፣ ‹ወር› ለብዙ ነው፤ አስተውለህ ያዝ።»

«ወር ገና አልሞላቸውም» አልኩት።
ክፍሉ ዝም አለ።
ወፍጮው ራሱ እህሉን በአፉ እንደያዘ ተንጠለጠለ።
ሰሙን ሰምቶ ኖሮ፣ ወርቁ ቆይቶ ነው የገባው፤
ቀይ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። ምን ይበል? ምን ያግባው?

አንድ መሆናቸውን መች አጣሁት? ሳጥናቸው አንድ ነበረ፤
አንድ ጋቢ፣ አንድ መዶሻ ነው ለእኔ የቀረ።
«ዋዝ» ስል ግን «ነበር» ሆኑብኝ፣ እንደ ሰፈር እኩያዬ፤
በጠገኑት ደረጃ ላይ ቁልቁል ወረዱብኝ አባዬ።

ስወጣ ጨለማ ነው። በቀሃ ድልድይ በኩል ሳዘግም
የ«ዩ»ን ነገር አሰብኩት፤ ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም።
ለአንድ ሰው፣ ፊት ለፊት ቆሞ፣ «ዩ ኢዝ» አይባልም፤ «ዩ አር»፤
«ዩ ዋዝ» ቢሉ ስሕተት ነው፤ ደንቡ ራሱ ይላል «ዩ ወር»።
ለካ እነሱም አንቱ ይላሉ፣ ሰውየው ፊታቸው ሳለ፤
ክብሩን የሚገፉት ኋላ ነው፣ ዘወር፣ ፈቀቅ ካለ።

እንግዲህ አባቴን በሩቅ ማውራት ትቻለሁ።
እሑድ ከልደታ አጥር ግቢ፣ ሣሩ ገና ባልበቀለበት፣
ተንበርክኬ፣ ጮክ ብዬ፣ ማንም ቀይ ብዕር በሌለበት፣
«ዩ ወር ኤ ሜሰን፣ አባዬ» አልኳቸው።

ከራስጌ የተከልነው ድንጋይ ትንሽ ዘምሞ አየሁት።
«አንተ ሰነፍ፣ ዙር እንጂ!»
በአማርኛ ነው ያልኩት።