የሌሊት መስመር

ክረምቱ ሲገባ፣ ጦሳ ጉም ሲለብስ፣
ቆጣሪዬን ይዤ፣ ካራዳ እስከ ሆጤ ቤት ለቤት ስመላለስ፤
ሰዓት መሳይ ነገር፣ ጥቁር፣ ፊት የሌለው፣
ሰው ሲራመድ ሲቀመጥ፣ አንድ ሳያስቀር ለቅሞ የሚጽፈው።

«ሰባት ቀን፣ ሰባት ሌት፣
ካንጓዎ ሳይወልቅ ይሰንብት፤
ውዱ ሲያደርጉም አይስጉ፣ ውሃ አይገባውም፤
እንቅስቃሴ እንጂ ወሬ አያቀብልም።»

ጋሽ እብሬ ሳቁና እጃቸውን ሰጡኝ፤
«ትራፊክ ስንቴ አስሮኝ! እስቲ አንቺ ደግሞ እሰሪኝ» አሉኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ባለተሳቢ መኪና፣
ካሰብ ጭነው፣ ኮምቦልቻ አድረው፣ ሃረጎን ወጥተው ያውቃሉና፤
ዛሬ ጉልበት ከድቶ፣ ስኳሩ ጨምሮ፣
ውሏቸው በረንዳ ላይ ነው፣ የሰው መኪና ቆጥሮ።

በስምንተኛው ቀን ኮምፒውተር ከፈትኩ።
ቀኑ ሜዳ ነው። መቶ እርምጃ ወደ መስጊድ፣ ሠላሳ ወደ ጓሮ፣ ቆጠርኩ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን መስመሩ ተነሣ፣
እንደ ጦሳ።
ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ቆም፣ ደግሞ ዞር፣
ሰባቱንም ሌሊት ያው ምት፣ ያው ዙር።

አለቃዬ «ሰርዢው» አለኝ፣ «ስህተት ነው፤
ሽማግሌ ተኝቶ ተራራ አይወጣም፤ ማሽኑ ነው የቃዠው።»

ተመልሼ ሄድኩ። እትዬ ጦይባ ወረቀቱን አዩና፣ ማንንም ሳይጠሩ፣
ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ይነግሩኝ ጀመሩ፦

«ይሄ ሃረጎ ነው። ይሄ ትልቁ ጥምዝ፤
እዚህ ጋ ነው መሪ መስሎት አንሶላዬን ጨምድዶ የሚይዝ።
እዚህ ይቆማል፣ ከላይ አውቶቡስ ሲመጣ፤
አሳልፎ ባንደኛ ማርሽ ይቀጥላል፣ ረዳቱን እየተቆጣ።
ደሴ ሲገባ ያቃስትና ሞተር ያጠፋል።
ያኔ እኔም አልሐምዱሊላህ እላለሁ፤ ጥቂት ቆይቶ አዛን ይላል።»

ከዚያ የሻከረ እጃቸውን ዘረጉ፤
«የሚመጣው ሳምንት የኔ ነው» ብለው ግድ አደረጉ።

አሰርኩላቸው። ቀኑ አሥራ ሦስት ሺህ እርምጃ፦
ሰኞ ገበያ፣ ቧንቧ፣ የመድኃኒት ወረፋ፣ ያ ሁሉ የድንጋይ ደረጃ።
ሌሊቱ ግን ከሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ
ጭረት እንኳ የለበትም፤ ቀጥ ያለ መንገድ።

ማሽኑ ጻፈላቸው፦ «ስምንት ሰዓት፣ ሰላማዊ እንቅልፍ።»
እሳቸው ጋቢና ውስጥ፣ በቀኝ ወንበር፣
ትንፋሻቸውን ይዘው፣
ያ አውቶቡስ እስኪያልፍ።