ማሽኑ የማያነበው መስመር

ሐምሌ ነው። ጎንደር ላይ ሰማዩ ወርዶ
የሆስፒታሉን ቆርቆሮ ተንተርሶ ያንጎራጉራል፤
እኔ ታች፣ ካርድ ክፍል፣ በላፕቶፕ ብርሃን
ሌላ ደመና ልተክል አንድ ፋይል እጽፋለሁ።

ይኸኛው ደመና ዝናብ የለው፣ ነጎድጓድ የለው፤
ጥቁር ሣጥን ነው፣ ስምንት ዲስክ የጎረሰ፣
ከአዘዞ በባጃጅ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ
ጉልበቴ ላይ ተቀምጦ የደረሰ።

«ምኑ ነው ደመና?» አሉኝ ወይዘሮ አትጠገብ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ካርድ ያወጡ፣ ካርድ የመለሱ፣
ሰውን ከስሙ በፊት በሳሉ የሚለዩ፤
«ደመናስ አይጨበጥም፣ ይኼ ግን ወገብ ይሰብራል።»

ፋይሉ ጠያቂ ነው፣ እንደ ቀበሌ ጸሐፊ፦
አድራሻህ የት ነው? በርህስ? ጎረቤትህ ማነው?
መብራት ሲሄድ ስንት ደቂቃ ትታገሣለህ?
(አይ ወዳጄ! እዚህ በደቂቃ አይደለም የሚቆጠረው።)
ሰዓቱን ሲጠይቀኝ እንደ ልማዴ ስድስት ብዬ
መልሼ አጠፋሁት፤
እሱ ስድስት የሚለው
እኛ ወፍ ሲንጫጫ፣ ዐሥራ ሁለት የምንለው።

ደግሞ አመሉ!
ከፊደሉ ይልቅ ባዶው ቦታ ነው የሚገዛው።
ሁለት እርምጃ ገባ ካለ መስመሩ ልጅ ነው፤
አንድ እርምጃ ከጎደለው
ከአባቱ ቤት ወጥቶ ሜዳ ላይ ያድራል።

ሦስቴ አስነሣሁት፣ ሦስቴ ወደቀ።
«መስመር አርባ አንድ» ይላል፤ አርባ አንድን አየሁት፣
ፊደሉ ሙሉ፣ ቁጥሩ ሙሉ፣ ነጥቡ ከነቦታው።
ሴትዮዋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፤
ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤
በጥፍራቸው ጠርዙን ይዘው ከላይ ወደ ታች ሄዱና
«ይቺኛዋ ከሰልፉ ወጥታለች» አሉ፣
«መደርደሪያ ላይ ቢሆን ይቺ ካርድ ትጠፋ ነበር።»

አንድ ባዶ። አንዲት የምንም ጠብታ።
ጨመርኳት።

ከዚያ ሻይ ሳንጠጣ፣ ቆመን፣ ስለ ስም ነገሩኝ፦
ኃይለኢየሱስ የሚባል ሦስት ካርድ ያለው ሰው፣
በሃሌታው አስም፣ በሐመሩ ስብራት፣
በብዙኃኑ ደግሞ ያልዳነ የጨጓራ ነገር።
«ሣጥንህ ሦስት ሰው ይለዋል፤
እኔ የማውቀው አንድ ግራ እግሩን የሚጎትት ነው።»

የሣጥኑ ስም ብቻ ቀረ።
«ስም አይቸኮልም፤ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ» አሉ።
ጠቋሚው ግን ዐይኑን ያርገበግባል፣
መብራቱም እንደሚሄድ ያስታውቃል።
የእሳቸውን ስም ልሰጠው ፈለግሁ፤
የእኛን ፊደል ለስም አይቀበል፣ በላቲን ስደረድር
ጣቴ ስታ ገዋ ግ ሆነች፦
አትጠገብ ያልኳት አትጠግብ ተብላ ገባች።
ስቀው ስቀው እንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉ፤
«ተዋት፣ እውነቷን ነው።
ይኼን ሁሉ መደርደሪያ ውጣ
ነገም ጨምሩልኝ ትላለች።»

ሣጥኑ ተነሣ። ስምንት አረንጓዴ ዐይን በራ።
እሳቸው ቁልፋቸውን ከወገባቸው ፈትተው
ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ መልሰው አነሡት፤
ጡረታቸው ጳጉሜን አምስት ነው፣ ገና ነው።

በመሰላል ምልክት የሚጀምር መስመር አለ፣
ማሽኑ ዘሎት የሚያልፈው፣ ለሰው ብቻ የሚጻፍ፤
እዚያ በራሴ ፊደል ብጽፍ ከልካይ የለኝም።
ከኔ በኋላ ለሚመጣው፣ ስሙን ለማላውቀው ልጅ፦

# የሣጥኑ ስም ስህተት አይደለም፣ እንዳታርመው።
# አንድ ሰው ሦስት ቦታ ከተከፈለብህ
# ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወ/ሮ አትጠገብን ጠይቅ።
# ክረምት ከሆነ ጃንጥላ ያዝ፣ መንገዱ ጭቃ ነው።