ምራቁን የዋጠ

ካላማ ከተማ፣ አታካማ በረሃ፤
ደመናው ሰላም ብሎ ያልፋል፣ የለውም ጠብታ ውሃ።
ቅዳሜ ማታ፣ የመዳብ ቆፋሪዎች ክበብ፣
ኤርሞሄኔስ ቢንጎ ያወጣል፣ ቁጥር ይጠራል ለሕዝብ።

ሠላሳ ዓመት ደወል ነበር ድምፁ። ዘንድሮ
የደም ግፊት ክኒን፣ ሲጋራና ደረቅ አየር
ተባብረው ምላሱን ከላንቃው ሰፉበት፣ በማይታይ ክር።

«ስልሳ...» አለና ቀረ። ኳሷ በጣቶቹ መሃል ትሽከረከራለች፤
«ስልሳ ስንት?» ኤዱቪሂስ አንድ ቁጥር ቀርቷታል፣ ቆማለች።
ዕድሜው ምራቁን የዋጠ ያሰኘዋል በእኛ፤
ምን ይዋጥ ግን ዛሬ? አፉ ውስጥ አሸዋ ተኛ።

ለቁጥሯ ስትል ብርጭቆ ይዛ መድረኩ ላይ ወጣች፦
«ጎንጨት፣ ጎንጨት አድርግ፤ እንደ በቅሎ አትጋተው።
ጥም እስኪጠራህ አትጠብቅ፣ ዘግይቶ የሚደርስ ደብዳቤ ነው።
ሲጋራውን ጣል። ማታ አፍህን ገጥመህ በአፍንጫህ ተንፍስ፤
ራስጌህ እርጥብ ፎጣ ስቀል፤
ስኳር የሌለው ማስቲካም አኝክ፣ ምንጩ እንዲመለስ።
ክኒኑን በገዛ እጅህ እንዳታቆም፣ ሐኪምህን ጠይቅ፤
አሁን በል ስልሳ አራት በል፣ ሰውን አታስጨንቅ!»

ጠጣ። አዳራሹ ሙሉ ጉሮሮውን ሰማ፤
መቶ ሰው አብሮት ዋጠ፣ አብሮት እንደተጠማ።

«ስልሳ... ሰባት።»

ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ቢንጎ!» ብሎ ዘለለ።
ኤዱቪሂስ የረገመችውን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ ወዲህ ከኳሶቹ ሳጥን ጎን አንድ ጆግ ውሃ አይጠፋም፤
በየአምስት ቁጥሩ ይጎነጫል። ጆጉን የምትሞላው እሷ ናት፤
እስካሁን አላሸነፈችም።